እስስታችን ውኃ አይጠጣም፤ ዓይኖቹም ጎድጉደዋል

የናኦድ እናት (ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። የ12 ዓመቱ ልጄ ከአጎቱ በስጦታ ያገኘው እስስት ከቤታችን ከገባ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ዝርያው የየመን እስስት የሚባለው፣ በራሱ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ ቁር ያለው ሲሆን፣ ልጄም ቁሩን ከዘውድ ቆጥሮ «ንጉሥ» ብሎ ሰይሞታል። ዕድሜው ሰባት ወር ገደማ እንደሆነ ተነግሮናል። እውነቱን ለመናገር እኔ ያደግሁት እስስት ሲታይ ልጆች በሚሸሹበት ሰፈር ነው፤ እናቴም ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ባየችው ጊዜ አማትባ ስልኩን ለአባቴ አቀበለችው። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ከቤታችን ከገባ ኃላፊነቱ የእኔም ስለሆነ፣ ስሕተታችንን ሳልደብቅ ሁኔታውን በዝርዝር ልግለጽ።

የሚኖረው 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ከሳሎኑ የማሞቂያ አየር መውጫ አጠገብ የተቀመጠ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ቀንና ሌሊት የሚበራ ቀይ አምፖል አለ። ከአምፖሉ ሥር ያለው ሙቀት 36 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ የእርጥበት መለኪያው ደግሞ የቤቱ ማሞቂያ ከተከፈተ ወዲህ ከ20 በመቶ አልፎ አያውቅም። በውስጡ ያሉት ተክሎች የፕላስቲክ ናቸው። እንስሳው በተገዛበት ሱቅ ንጹሕ ውኃ በሳሕን ማስቀመጥ እንደሚበቃ ስለተነገረ ውኃውን በየቀኑ እንቀይርለታለን፤ ነገር ግን ከሳሕኑ ሲጠጣ አንድም ቀን አይተነው አናውቅም። ከዚህ ሌላ ልጄ ከትምህርት ቤት በፊት በመርጫ ጠርሙስ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይረጭለታል። በቀን እስከ 15 ፌንጣ ይበላ ነበር።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ጎድጉደዋል፣ ከኩሱ ጋር የሚወጣው ነጭ የነበረው ክፍል ሙሉ በሙሉ ወደ ብርቱካናማ ተለውጦ ደርቋል፣ ምላሱንም ወርውሮ ፌንጣውን ደጋግሞ ይስታል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዓይኑን ጨፍኖ አገኘሁት። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ውኃ ወደ አፉ ብናስገባለት ወይም ለብ ባለ ውኃ ብንነክረው ይጠቅመዋልን? የቧንቧ ውኃስ ይጎዳው ይሆን? የምታውቁ ብትመክሩን ባለውለታችሁ ነኝ።

ሐኪም ረዳት (ሚኔሶታ)

እኅቴ የናኦድ እናት፣ ሁኔታውን በዚህ ያህል ዝርዝር ስለገለጹት መልስ ለመስጠት አያስቸግርም። ከሁሉ በፊት ግን፣ ጤነኛ እስስት በቀን ብርሃን ዓይኑን ጨፍኖ አይቀመጥም። በዱር ብዙ ጠላት ያለበት እንስሳ በመሆኑ ሕመሙን እስከ ቻለው ድረስ ይሸሽጋል፤ ምልክቱ ለሰው በታየ ጊዜ ችግሩ ሰንብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን እያደረጉ፣ ጎን ለጎን ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ዘንድ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ያድርሱት። ብዙዎቹ ክሊኒኮች ውሻና ድመት ብቻ ስለሚያዩ፣ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት እስስት የሚያውቅ ሐኪም እንዳላቸው ጠይቀው ያረጋግጡ። ሐኪሙ እንደ አስፈላጊነቱ ፈሳሽ ከቆዳው ሥር ሊሰጠው ይችላል፤ ይህ በቤት የሚሞከር ነገር አይደለም።

ሳሕኑን ያውጡት። እስስት የቆመ ውኃን እንደሚጠጣ ነገር ቆጥሮ አይቀርበውም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በተፈጥሮው የሚጠጣው በቅጠል ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን ጤዛና የዝናብ ጠብታ ሲሆን፣ ዓይኑን የሚስበውም የጠብታው ብልጭታና መንጠባጠቡ ነው። በአንጻሩ በሳሕኑ ውስጥ የሞተ ፌንጣና ኩስ እየገባበት የተህዋስያን መራቢያ ከመሆን ያለፈ ጥቅም አይሰጥም።

ናኦድ ጠዋት ጠዋት የሚረጨው ሐሳቡ መልካም ነው፤ መጠኑ ግን አይበቃም። እስስት ውኃ እንደተረጨ ወዲያው አይጠጣም። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳልፈው ዓይኖቹን እያንከባለለና በሽፋናቸው ውስጥ አውጥቶ እያስገባ በማጠብ ነው፤ ወደ መጠጣቱ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ አራት ጊዜ ረጭታችሁ ስትሄዱ እርሱ ገና ፊቱን መታጠብ አልጀመረም ማለት ነው። ስለዚህ እስኪያገግም ድረስ ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ በእያንዳንዱ ጊዜ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ቅጠሉን ሁሉ አርሱለት፤ ፊቱ ላይ በቀጥታ አትርጩ። ከዚህ በተጨማሪ የፕላስቲክ ኩባያ ሥሩን በመርፌ በስታችሁ በሣጥኑ ጣራ ላይ አስቀምጡና ውኃው በሰከንድ ወይም በሁለት ሰከንድ አንድ ጠብታ እየሆነ ቅጠል ላይ እንዲያርፍ፣ የተረፈውም ከታች በሚቀመጥ ዕቃ እንዲጠራቀም አድርጉ። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ዘዴ ሲሆን፣ ሰው አጠገቡ ሲቆም ለመጠጣት ለሚያፍር እስስት ከመርጫ ጠርሙስ ይልቅ ይሻለዋል።

ሆኖም የሚጨመረው ውኃ ብቻውን ችግሩን አይፈታውም፤ እንስሳው ውኃውን የሚያጣበት መንገድ ካልተዘጋ በሚያፈስ እንስራ መቅዳት ይሆናል። የመሞቂያው ቦታ 36 ዲግሪ መሆኑ እጅግ ከመጠን ያለፈ ነው፤ ለየመን እስስት ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ይበቃዋል፤ የተቀረው የሣጥኑ ክፍል ከ22 እስከ 25 ይሁን። ቀዩን አምፖል ከዛሬ ማታ ጀምሮ አጥፉት፤ እስስት ቀይ ብርሃንን ያያል፣ ጨለማ ካላገኘም አይተኛም፣ ሌሊቱ እስከ 18 ዲግሪ ቢወርድም ይበጀዋል እንጂ አይጎዳውም። በቀኑ ክፍለ ጊዜ ለ12 ሰዓት የሚበራ ተራ ነጭ የማሞቂያ አምፖል ተጠቀሙ። ሣጥኑንም ከማሞቂያው አየር መውጫ አርቁት፤ ከዚያ የሚወጣው ደረቅ ንፋስ ቀኑን ሙሉ ሲነፍስበት ከትንፋሹና ከዓይኑ እርጥበት ይወስድበታል።

ሲሪንጁን በሚመለከት፣ አፉን በግድ ከፍቶ ውኃ ማስገባትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ውኃው በቀላሉ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣበታል። በራሱ ፈቃድ አፉን ከከፈተ በከንፈሩ ጠርዝ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ማሳረፍ ይቻላል። መንከሩም አይጠቅመውም፤ በቆዳው ውኃ አይጠጣም፣ በእጅ ተይዞ ውኃ ውስጥ መግባትም ያስደነግጠዋል። ይልቁንም ዛሬውኑ ብርታት እንዲያገኝ ከፈለጋችሁ፣ በማሰሮ ያለ እውነተኛ ተክል በሻወሩ ውስጥ አስቀምጡና እርሱን በላዩ ላይ አውጥታችሁ፣ ለብ ያለው ውኃ ግድግዳውን መትቶ እንደ ካፊያ እንዲደርሰው ለ15 ደቂቃ ያህል ክፈቱለት፤ አጠገቡ ግን ሰው አይለየው። የቧንቧ ውኃ ለመጠጥ ችግር የለውም፤ በኋላ የመርጫ ማሽን ከገዛችሁ ግን የማሽኑን አፍንጫ ኖራ እንዳይደፍነው የተጣራ ውኃ ተጠቀሙ። ለሰው ጤንነት ደግሞ፣ እንስሳውን ወይም ዕቃውን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ዕቃውንም በወጥ ቤት ገንዳ አትጠቡት፤ ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ ሆነውም ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ባክቴርያ ሊይዙ ይችላሉ።

አንድ ጥያቄም አለኝ። የኋላ እግሮቹን ተረከዝ በደንብ ተመልከቱልኝ። የየመን እስስት ወንዱ ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ በተረከዙ ላይ ትንሽ ጉጥ አለው፤ ሴቷ ግን የላትም። «ንጉሥ» በእውነት ንጉሥ መሆኑን ማወቅ ለሚቀጥለው ምክር ያስፈልገናል።

ታዕዝ ያደገ (ጅዳ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በየመን በታዕዝ ከተማ የተወለድሁ ነኝ። የእነዚህ እስስቶች አገር የምዕራብ የመን ተራሮችና ወደ ሰሜን የሚቀጥለው የደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ከፍታ ሲሆን፣ ዓረቦቹ «ሒርባእ» ይሏቸዋል። በልጅነታችን በግቢያችን በነበረው የበለስ ዛፍ ላይ እናያቸው ስለነበር፣ የእኅታችንን ጽሑፍ ሳነብ የተሰማኝን ልጨምር።

ብዙ ሰው የመን ሲባል የሚታየው አሸዋና በረሃ ብቻ ስለሆነ፣ የየመን እስስት ሙቀትና ድርቀት ይስማማዋል ብሎ ይደመድማል። ታዕዝና ኢብ ግን ከወሎና ከሐረርጌ ደጋ ጋር ቢነጻጸሩ ብዙ የሚመሳሰሉ፣ ተራሮቻቸው በእርከን የታረሱ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት እንደ በልጋችን፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ እንደ ክረምታችን ያለ ዝናብ የሚያገኙ አገሮች ናቸው። ኢብን የአገሩ ሰዎች ራሳቸው «አረንጓዴዋ» ይሏታል። ዝናብ በሌለበት ወቅት እንኳ ሌሊቱ ቀዝቅዞ ያድርና ጎህ ሲቀድ ቅጠሉ ጤዛ አዝሎ ይታያል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ጤዛው ይተናል፣ ቀኑን ሙሉም አየሩ ደረቅ ሆኖ ይውላል። እስስቱ ቅጠል እየላሰ የሚጠጣው ማልዶ ነው። ከዚያ ፀሐይ ሊሞቅ ወደ ቅርንጫፍ ጫፍ ይወጣል፣ ሲበቃው ወደ ጥላው ይመለሳል። ከነፍሳት ሌላ ቅጠልም ይበላል፤ በደረቁ ወራት ይህን የሚያደርገው ከቅጠሉ ውኃ ለማግኘት እንደሆነ የሚገምቱ ብዙዎች ናቸው።

ከዚህ በመነሣት የምመክረው፣ እንስሳው ከዳነ በኋላ የውኃው ሰዓት ወደ ሌሊትና ወደ ንጋት እንዲዛወር ነው። ማታ መብራቱ እንደጠፋ ሁለት ደቂቃ፣ ጠዋት መብራቱ ከመብራቱ በፊት እንደገና ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይረጭ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እስከ ንጋት ድረስ የጉም ማመንጫ መሣሪያ ቢሠራ ደግሞ የተራራውን ሌሊት ያስታውሰዋል። በሚተነፍሰው እርጥብ አየር አማካይነት በሌሊት የሚያጣው ውኃ እጅግ ይቀንስለታል። ቀን ግን ይድረቅ፤ ከ30 እስከ 50 በመቶ ያለው እርጥበት ለቀኑ ይበቃዋል። በዚህ ዓይነት የተያዘ እስስት በቀን ሲጠጣ ባይታይም አትደንግጡ፤ ጠጥቶ ጨርሶ ሊሆን ይችላል፤ ማረጋገጫው ኩሱ ነው፤ ከኩሱ ጋር የሚወጣው ክፍል ነጭ ከሆነ ውኃ አልጎደለውም ማለት ነው።

ሁለት እስስት (ስቶክሆልም)

ወንድማችን ከጅዳ የጻፈውን ከልቤ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ስለ ጉም ማመንጫው አንድ ቅድመ ሁኔታ በግልጽ መነገር ስላለበት እኔ ያጠፋሁትን ልናገር። የዛሬ ሦስት ዓመት የመጀመሪያውን እስስቴን ያሳደግሁት «እርጥበት ይወዳል» የሚለውን ብቻ ሰምቼ ስለነበር፣ ጉሙን ቀንም ሌሊትም አላቋርጥም ነበር። ቤቱ ሞቃት፣ ሣጥኑ የታፈነ፣ ቅጠሉም ለሳምንታት ያልደረቀ ነበር። በሁለተኛው ወር እንስሳው አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ አፉን እየከፈተ መተንፈስ ጀመረ፤ ሲተነፍስም የሚሰማ ትንሽ ጩኸት ነበረው፣ በአፉም ጠርዝ አረፋ ይታይ ነበር። የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፤ በሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት መድኃኒት ሰጥቼው ነው የተረፈው። ሞቃት አየርና የማያቋርጥ እርጥበት ሲገናኙ የሚበቅለው ሻጋታና ባክቴርያ ነው። ጉሙ የሚከፈተው የክፍሉ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ብቻ ነው፤ የናኦድ እናት ቤታቸውን በሌሊት 23 ዲግሪ አሙቀው የሚያድሩ ከሆነ መሣሪያውን ባይገዙት ይሻላል። ጠዋት የተረጨውም በሰዓታት ውስጥ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፤ የሣጥኑ ወለል ላይ ውኃ ቆሞ ከታየ ወይ መጠኑ በዝቷል ወይ ማፍሰሻ ያስፈልጋል።

ስለ ሣጥኑ የእኔን አስተያየት ልስጥ። እስስት ዛፍ ላይ የሚኖር እንስሳ በመሆኑ ከስፋት ይልቅ ከፍታ ያስፈልገዋል፤ ለጎለመሰ የየመን እስስት የተለመደው 60 በ60 በ120 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ ወንፊት ቤት ነው። ይሁንና ብዙ መጻሕፍት ሽቦውን የሚያዝዙት ለሁሉም አገር እኩል እንደሚሠራ አድርገው ስለሆነ በዚህ አልስማማም። እንደ ስዊድንና እንደ ሰሜን አሜሪካ ባሉ ክረምቱን በማሞቂያ በሚያሳልፉ ቤቶች በአራቱም ጎን ሽቦ የሆነ ቤት እርጥበቱን በደቂቃዎች ውስጥ ያፈስሰዋል። እኔ ሦስቱን ጎኖች በስስ ፕላስቲክ ሸፍኜ ጣራውንና ፊቱን ለአየር ትቼዋለሁ፤ ከታችና ከላይ አየር የሚያስገባ የመስታወት ቤትም ቢሆን ይሠራል። አየሩ መንቀሳቀሱን እንጂ ቤቱ ከምን መሠራቱን ብዙ አትጨነቁበት።

የፕላስቲክ ተክሉን ግን ዛሬውኑ አውጡት። የየመን እስስት ቅጠል የሚበላ ስለሆነ ፕላስቲኩን ቆርጦ ከዋጠው አንጀቱን ሊዘጋበት ይችላል። በምትኩ ፖቶስ የሚባለውን የልብ ቅርጽ ቅጠል ያለውን ሐረግና ሼፍሌራ የተባለውን ተክል አስገቡ፤ ቅጠላቸው ጠብታ ይይዛል፣ ራሳቸውም እርጥበት ያወጣሉ። ከመደብር የመጣውን ተክል ቅጠሉን በደንብ አጥባችሁ፣ ፀረ ተባይ የነካው ሊሆን ስለሚችል አፈሩንም ቀይራችሁ አስገቡት።

ምላሱ ዒላማውን መሳቱን ደግሞ በውኃ ማነስ ብቻ አትተርጉሙት። ቀይ አምፖል ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር አይሰጥም፤ ይህ ጨረር ከሌለ ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ3 አይሠራም፣ ቫይታሚኑ ካልተገኘም የሚበላው ካልሲየም ወደ አጥንቱ አይደርስም፤ ጡንቻው ይደክማል፣ ቆይቶም እግሮቹ ይጣመማሉ። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ መፍትሔ አይደለም፤ መስታወት ዩቪቢውን አስቀርቶ ሙቀቱን ብቻ ያሳልፋል። የሚያስፈልገው በሣጥኑ ጣራ ርዝመት የሚዘረጋ ቲ5 የተባለው ቀጥ ያለ የዩቪቢ አምፖል ሲሆን፣ መቀመጫው ቅርንጫፍ ከአምፖሉ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። አምፖሉ ብርሃን እየሰጠ ጨረሩ ስለሚደክም በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጣል። ፌንጣውንም ከመስጠታችሁ በፊት ዲ3 የሌለበት የካልሲየም ዱቄት ነስንሱበት፤ ዲ3ና ቫይታሚን ኤ ያለበትን ግን በወር ሁለት ጊዜ ብቻ። ፌንጣዎቹ ራሳቸው ጎመን፣ ካሮትና ዱባ በልተው ይቆዩ፤ ርቦት የከረመ ፌንጣ ለእስስቱ ቅርፊት ብቻ ነው።

የብዕር ስሜን አይታችሁ እንዳትሳሳቱ፣ ሁለቱ እስስቶቼ የሚኖሩት በተለያየ ክፍል ነው። እርስ በርስ ከተያዩ ጭንቀቱ ምግብና ውኃ ያስከለክላቸዋል፤ ለእስስቱ ጓደኛ ልግዛለት የሚል አጎት እንዳይመጣ ከወዲሁ አስጠንቅቁት።

የባዮሎጂ መምህር (አዲስ አበባ)

ይህን የሚያነቡ በአገር ቤት ያሉ ወጣቶችም እንዳሉ ስለማውቅ በአጭሩ ልጨምር። በደጋማው የአገራችን ክፍል የሚገኘው ትሪዮሴሮስ አፊኒስ የተባለው እስስትም ሆነ በሐረና ጫካ የሚኖረው ትሪዮሴሮስ ሐረኔ ከየመኑ እስስት የባሰ የቅዝቃዜና የእርጥበት እንስሳት ናቸው። ልጆች ከአጥር ይዘው በካርቶን ቤት ውስጥ ሲያስቀምጧቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚሞቱት አብዛኛውን ጊዜ ከርኃብ በፊት በውኃ ጥምና በሙቀት ነው፤ ከጎናቸው በክዳን የቀረበላቸውን ውኃ እንኳ ሳይነኩ። እንኳን ልጆቹ የሸጠው ሱቅም አላወቀም። ከዱር የተያዘ እስስት ሆዱ በጥገኛ ትሎች የተሞላ ሊሆንም ስለሚችል በግዞት ያለው ዕድሜ አጭር ነው። ንግዳቸውም ቢሆን የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ የሚገዛ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። በአጥር ላይ ካያችሁት በአጥሩ ላይ ተዉት።

የናኦድ እናት (ቨርጂኒያ)፣ ከ11 ቀን በኋላ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሐኪም ዘንድ ያደረስነው በማግስቱ ሲሆን፣ ፈሳሽ ከቆዳው ሥር ሁለት ጊዜ ተሰጥቶታል፤ የካልሲየም እጥረትም መጀመሩን ነግረውናል። ቀዩ አምፖል ተወግዷል፣ ሣጥኑ በትልቅ የሽቦ ቤት ተተክቷል፣ ሦስቱ ጎኖቹም እንደተባለው ተሸፍነዋል። የመሞቂያው ቦታ አሁን 28 ዲግሪ ነው። ከቀዳዳው ኩባያ ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠጣ ያየነው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ልጄ ሰዓት ይዞ 14 ደቂቃ ቆጠረ። ዓይኖቹ ሞልተዋል፣ ከኩሱ ጋር የሚወጣውም ክፍል ዛሬ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ብቻ ይዞ ነጭ ሆኗል። በአፍንጫው ቀዳዳ ዙሪያ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ታይቶን ነበር፤ ሐኪሙ ሰውነቱ የሚያስወግደው ጨው ስለሆነ ጥቂት እስከሆነ ድረስ እንደማያሳስብ አስረድተውናል።

ተረከዙንም አየን፤ ጉጥ የለውም። «ንጉሥ» ሴት ሆና ተገኝታለች። ልጄ ለአንድ ቀን ካዘነ በኋላ «ንግሥት» ብሎ ስሟን አስተካክሏል። አሁን ያሳሰበኝ ሐኪሙ በቅርቡ እንቁላል ልትይዝ እንደምትችል መናገራቸው ነው፤ ወንድ አጠገቧ ደርሶ አያውቅም፤ እንዴት ይሆናል?

ሐኪም ረዳት (ሚኔሶታ)

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ጥያቄዬ ለዚሁ ነበር። ሴት የየመን እስስት እንደ ዶሮ ናት፤ ወንድ ባይኖርም እንቁላል ትጥላለች፤ ብዙዎቹ ከስድስተኛው ወር በኋላ ይጀምራሉ። አንድ ጊዜ ሃያ፣ አርባ፣ ከዚያም በላይ ልትጥል ትችላለች። ቁጥሩን የሚያበዛው ጥጋብና ሙቀት ነው፤ በቀን 15 ፌንጣ መብላቷ ያስደነገጠኝም ስለዚህ ነው። አሁን እያገገመች ስለሆነ በአንድ ጊዜ አትቀንሱባት፤ ሐኪሟ ሲፈቅዱ ግን ቀስ በቀስ ወደ አራት ወይም አምስት ነፍሳት በየሁለት ቀኑ አውርዱ፣ የመሞቂያውንም ቦታ ወደ 26 ወይም 27 ዲግሪ ዝቅ አድርጉት።

ነገ ሳትሉ በቤቷ ወለል ላይ የእንቁላል መጣያ አስቀምጡላት። ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባልዲ ወይም ሣጥን በታጠበ አሸዋ ሞልታችሁ፣ በእጅ ሲቆፈር ጉድጓዱ ሳይናድ እንዲቆም ያህል ብቻ አርጥቡት፤ ጭቃ አይሁን። ከቅርንጫፍ ወደ ባልዲው መውረጃ እንጨት ይኑረው። ቦታ ካላገኘች እንቁላሉን በሆዷ ይዛ ትቀራለች፤ ይህም ይገድላታል። ውኃ የጎደለባት ሴት ደግሞ እንቁላሉን መግፋት ይበልጥ ስለሚከብዳት፣ እስካሁን የለፋችሁበት የውኃ ነገር አሁን በእጥፍ ያስፈልጋታል።

ወደ ታች እየወረደች ወለሉን ስትቧጥጥ ካያችሁ ጊዜው ደርሷል። የቤቱን የታችኛውን ክፍል በጨርቅ ጋርዱና ማንም አይያት፤ ሰው ሲያያት ጉድጓዱን ትታ ትወጣለች፣ ይህም ከተደጋገመ እንቁላሉን ትይዘዋለች። ናኦድ በጨርቁ ቀዳዳ ለማየት እንደሚፈተን አውቃለሁ። ከአንድ ቀን በላይ እየቆፈረች ካልጣለች፣ ወይም ደክማ በወለሉ ላይ ዓይኗን ጨፍና ከተኛች፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ውሰዷት።

የናኦድ እናት (ቨርጂኒያ)፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ

ትናንት ሌሊት ጣለች። ከትናንት በስቲያ ከቀትር በኋላ መቆፈር ጀምራ ስለነበር የታችኛውን ክፍል በነጠላዬ ጋረድነው። ዛሬ ጠዋት አሸዋውን መልሳ ሸፍና ወደ ቅርንጫፏ ወጥታ አገኘናት፤ ስንቆጥረው 27 እንቁላል ነው። ከመጣሏ በፊት 118 ግራም የነበረው ክብደቷ 87 ሆኗል፤ ሆዷ ተሰብስቦ የጎን አጥንቷ ይታያል። ልጄ ይፈለፈሉ እንደሆነ ቢጠይቀኝም፣ ወንድ ያልነካቸው በመሆናቸው እንደማይፈለፈሉ ነግሬዋለሁ። ፌንጣዎቿን በካልሲየም ነክረን አቀረብንላት፤ ገና አልነካቻቸውም። ከኩባያው ሥር ግን ከተቀመጠች ይኸው ሃያ ደቂቃ ሆናት፤ አፏን ከፍታ ጠብታውን እየጠበቀች ነው፤ ኩባያውንም ሁለት ጊዜ ሞልተንላታል።